ከመለቀሙ በፊት የተዘራው ዘር

በ2015 ዓ.ም. በችግኝ ጣቢያዬ ሁለት መደብ ጥቁር እንጨት ዘርቼ ነበር። አንዱ መደብ ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ፤ ሌላው ባዶውን ቀረ። አፈሩ ያው፣ ውኃው ያው፣ የሚያጠጡትም እኒያው እናት ናቸው። ምክንያቱን ፍለጋ በኤክሴል የሠራሁትን የዕፅዋት መዝገብ ከፈትኩና ባዶው መደብ ከተዘራበት ቀን ላይ ዘሩ የተለቀመበትን ቀን ቀነስኩ። ውጤቱ ከዜሮ በታች 241 ሆኖ መጣ። በእኔ መዝገብ ዘሩ የተዘራው ከመለቀሙ ከ241 ቀን በፊት ነው!

ጉዱ የወጣው ቀኖቹን አንድ በአንድ ስመለከት ነው። የተለቀመበትን መጋቢት 10ን «10/7/2015»፣ የተዘራበትን ሚያዝያ 2ን «2/8/2015» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ኮምፒዩተሩ በአሜሪካኖች ልማድ ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ ስለሚያነብ አንዱን ኦክቶበር 7፣ ሌላውን ፌብሩዋሪ 8 አድርጎ ተቀበለኝ፤ ዓመቱንም የእነሱ 2015 አደረገው። ቀኑ ከ12 የበለጠውን ደግሞ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ተወው። ጳጉሜ 3 እንኳ ማርች 13 ሆና ቁጭ ብላለች። ሁሉም ሰተት ብሎ ሲገባ አንድም ማስጠንቀቂያ አልሰጠኝም።

በእኛው አቆጣጠር ስቆጥረው ዘሩ ተለቅሞ እስኪዘራ የቆየው 22 ቀን ነው። የበቀለው መደብ ዘር ግን በተለቀመ በሳምንቱ መሬት ገብቷል። የጥቁር እንጨት ዘር እንደ እህል ጎተራ ገብቶ የሚከርም አይደለም፤ ሲደርቅ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። መልሱ መዝገቤ ውስጥ ነበረ፤ የቀበርኩት እኔው ነኝ።

ወደ ኤክሴል የሄድኩት ከተዘጋጀው የአትክልተኞች ሶፍትዌር ጋር አልግባባ ብዬ ነው። የሞከርኩት ሶፍትዌር ገና ስከፍተው የብርድ ቀጠናዬን ጠየቀኝ። ይህ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አመዳደብ በየዓመቱ በሚመዘገበው እጅግ ዝቅተኛ ሙቀት የብዙ ዓመት አማካይ የሚወሰን ነው። ቀጥሎ የመጨረሻው ውርጭ የሚያልፍበትን ቀን ጠይቆ ከዚያ ወደ ኋላ ሳምንት ይቆጥራል። ለአገሩ ሰው ትልቅ እገዛ ነው። እንጦጦ ግርጌ ላለሁት ለእኔ ግን ቀኑን የሚወስንልኝ ዝናቡ ነው፤ ችግኜ የሚተከለው ክረምቱ ሲገባ ነውና። ውርጩ የሚመጣብኝም በጋውን፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ነው። ኮሶንም በሶፍትዌሩ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

የራሴን መዝገብ ስጀምር ደግሞ ረድፉን ሁሉ በተክሉ ስም ከፈትኩ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዛፎቻችንን ስም ያወጡት መላእክት ግን ብዙ ሳይሆኑ አይቀሩም። ወይራ ያልኩትን ዘር አቅራቢዬ ኤጀርሳ ይለዋል፤ የትግራይ ሰው አውሊዕ ይለዋል። ዝግባዬ ለአቅራቢዬ ቢርቢርሳ ነው። በአማርኛውም ቢሆን ጣጣ አለው፦ እኔ «ጽድ» ስል ረዳቴ «ፅድ» ይጽፋል፤ በአንዱ ስፈልግ የሌላው አይመጣም። ከነበረኝ ጽድ ግማሹን ጠፋ ብዬ ያዘንኩበት ጊዜ አለ።

ሳይንሳዊው ስም ይገላግለኛል ብዬም ነበር። እሱም ይለወጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ እንዲጸና ስለወሰነ የእኛ ግራሮች ቫቸሊያና ሴኔጋሊያ በሚሉ ስሞች ተከፋፈሉ። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝሩት ስምንት ቅጾች አካሺያ ይላሉ፤ አዲሶቹ ጽሑፎች ቫቸሊያ። ሁለቱንም የሚያነብ ሰው አንዱን ዛፍ ሁለት አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል።

ስለዚህ ከዕፅዋት ማእከሎች አሠራር ተማርኩ። አብሮ የመጣ ዘር ሁሉ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 2015-014 ማለት በዚያ ዓመት የገባ ዐሥራ አራተኛው ዘር ነው። ችግኙ ቢያልቅ ወይም ቢሞት ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ስሞቹ፣ ኤጀርሳውም አውሊዑም፣ በየዐምዳቸው ይቀመጣሉ፤ ቢለወጡም ቁጥሩ አይነቃነቅም። ቀኑን በሁለት ዐምድ እጽፋለሁ፦ ለስሌቱ የፈረንጁን፣ ለዐይናችን ደግሞ «መጋቢት 10» ብዬ ወሩን በስሙ።

የመጀመሪያው መዝገቤ 31 ዐምድ ነበረው፤ አብዛኛው ባዶ። ዛሬ የሚቀረው ሥራዬን የሚለውጥ ዐምድ ብቻ ነው። ለምሳሌ ኮሶ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚቆም ዛፍ ነው፤ ዘር የሚገኘው ከሴቷ ስለሆነ «እናት ዛፍ» የሚል ዐምድ አለኝ። ዘር ለመልቀም ስወጣ ወደየትኛዋ እንደምሄድ ይነግረኛል።

ሌላው «የሞተበት ምክንያት» ነው። ይህን ስጨምር የሚያጠጡት እናት ስቀውብኛል።

«ልጄ፣ የሞተ ችግኝ የምትመዘግበው ዕድር ልታስከፍልለት ነው?»

«አይደለም እማማ፣ ገዳዩን ለማወቅ ነው።»

አሁን ጠዋት ጠዋት ሳልጠይቃቸው የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው፦ ይሄኛውን ውርጭ መታው፣ ያኛውን ምስጥ በላው። ከመዝገቡ ሁሉ በደንብ የተሞላው ዐምድም ይኸው ነው።

መዝገብ ለመጀመር ያሰባችሁ ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት መልስ የምትሹለትን አንድ ጥያቄ በወረቀት ላይ ጻፉ። የእኔ ጥያቄ «ዘሩ ስንት ቀን ቆየ?» የሚል ነበር፤ ለእሱ ሦስት ዐምድ ይበቃው ነበር፦ ቁጥር፣ የተለቀመበት ቀን፣ የተዘራበት ቀን። ወሩን ግን አደራ፣ በስሙ ጻፉት።