ቀጭኔው ያቃተው የማን ጭፈራ ነው?

ልጆቻችን ከመዋዕለ ሕፃናትና ከቤተ መጻሕፍት የሥዕል መጻሕፍት ይዘው ይመጣሉ። ቋንቋውን ስለማናውቅ ብዙዎቻችን ሳንገልጣቸው እንመልሳቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ ስለ ጭፈራ ፍቅር የሚተርኩ ሁለት የታወቁ መጻሕፍትን በወላጅ ዓይን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ጃይልስ አንድሬይ ጽፎት፣ ጋይ ፓርከር ሪስ ሥዕሉን ሥሎት እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝኛ የወጣው የቀጭኔው የጄራልድ ታሪክ ነው። የጄራልድ አንገት ረጅም፣ እግሮቹ ቀጫጭንና ቆልማማ ናቸው። በአፍሪካ በየዓመቱ በሚደረገው የጫካ ጭፈራ ላይ አውሬዎቹ ስለሚስቁበት አፍሮ ይሄዳል። በጨረቃ ብርሃን አንድ ፌንጣ አግኝቶት ለእርሱ የሚስማማውን ዜማ እንዲያዳምጥ ይመክረዋል። ቀጭኔውም ይጨፍራል፤ የሳቁበትም ይደነቁበታል።

በአነጋገሩ ወይም በመልኩ ለተሳቀበት ልጅ ይህ መልካም ትምህርት ነው። ሥዕሉም ደማቅ ስለሆነ ማንበብ የማይችል ወላጅ ታሪኩን ሊከተለው ይችላል።

ጉድለቱ ግን እዚህ ላይ ነው። አገሩ አፍሪካ ሆኖ ሳለ ከርከሮዎቹ ቫልስ፣ አንበሶቹ ታንጎ፣ ዝንጀሮዎቹ የስኮትላንድ ጭፈራ ይጨፍራሉ። በስም ከተጠሩት ጭፈራዎች የአፍሪካ የሆነ አንድም የለም። የእግሩ መቆልመም ነውር የሚሆነው ጭፈራ ሁሉ በእግር ነው ከተባለ ብቻ ነው።

ይህን ያስተዋልኩት እኔ አይደለሁም። ለሥራ በሄድኩበት ቤት ልጁ ሥዕሉን እያሳየ ሲተርክላት እናቱ «ይህን የመሰለ አንገት ይዞ ነው አልችልም የሚለው? እኛ አገር ቢሆን በእስክስታ ማን ይችለው ነበር!» አለች። እናቱ በሠርግ ላይ ትከሻዋን ስትነቀንቅ ያፍር የነበረው ልጅ፣ ያን ዕለት «እስቲ አሳዪኝ» አላት።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው፣ ካትሪን ሆላበርድ የጻፈችውና ሄለን ክሬግ የሣለችው የአንጀሊና ታሪክ ነው። ይህች አይጥ ጭፈራ ስትወድ የታዘዘችውን ትረሳለች። ወላጆቿ ይቆጧታል፤ በኋላ ግን የጭፈራ ልብስና ጫማ ሰጥተው ወደ ባሌ አስተማሪ ይወስዷታል። ወላጆች የልጃቸውን ፍላጎት መረዳታቸው ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ ልጅ መጽሐፉን ሲዘጋ ጭፈራ በጫማና በክፍያ ብቻ የሚገኝ ሊመስለው ይችላል። እኛ እስክስታን የተማርነው ከበሮ በተመታበት ግቢ፣ እናቶቻችንንና አያቶቻችንን እያየን ነው። ይህ የሚያሳፍር ትምህርት አይደለም። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ሩት ኤሼል ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር የመሠረተችው የውዝዋዜ ቡድን ስሙ «እስክስታ» ነበር።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ሁለቱም መጻሕፍት ቤታችሁ ቢገቡ መልካም ነው። ልጁ በዕብራይስጥ ይተርክላችሁ፤ እናንተም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ጠይቁት። ከዚያም ተነሥታችሁ መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን ጭፈራ አሳዩት። ሳትገልጡ ግን አትመልሱት።