የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀለምና የካሜራ ግምት

ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ስለ ሆነም የሥዕሎቹ ፎቶግራፍ እንደ ሰነድ ይቆጠራል። ነገር ግን ፎቶግራፎቹን ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው፥ የመላእክት ፊት የተሣለበት ያው ጣሪያ በአንዱ ብጫ፥ በሌላው ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ሆኖ ያገኘዋል። ለዚህ አንዱ ዋና ምክንያት ካሜራው በራሱ የሚወስነው «የነጭ ሚዛን» ነው።

የቀን ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን፥ የባለ ክር አምፑል ብርሃን ወደ 2800 ኬልቪን ነው። ካሜራው ሚዛኑን ካላስተካከለ ነጭ ነጠላ በአምፑል ሥር ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የብርሃኑን ቀለም ይገምትና የቀዩን፥ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን መጠን ያመዛዝናል። ከግምቶቹ ቀላሉ፥ የማንኛውም ትዕይንት ቀለም ቢደባለቅ አማካዩ ግራጫ ይሆናል የሚለው ነው። ይህ ልዩ ልዩ ቀለም በሞላበት ገበያ ያስኬድ ይሆናል። ቀይ፥ ብጫና ቡናማ በበዛበት ቤተ ክርስቲያን ግን የሠዓሊውን ቀለም የብርሃኑ እንከን አስመስሎ ይቀንሰዋል። የዛሬዎቹ ዘዴዎች ቢረቁም ከግምት አልወጡም።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ፎቶግራፍ ብቻ ተመርኩዞ ስለ ጎንደር ሠዓሊያን የቀለም ምርጫ መጻፍ አያስተማምንም። አጥኚው ሥዕሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሚደርስበት ቦታ ግራጫ ካርድ አኑሮ ሚዛኑን ራሱ ይወስን፤ ያልተነካውን ጥሬ ፋይል ያስቀምጥ፤ ይህንኑም ከፎቶግራፉ ግርጌ ይጻፍ። ለቀለም ምስክርነት የሚበቃው እንዲህ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው።