የጥናቶች ድምር መቼ ይታመናል?

ብዙ ትንንሽ የሕክምና ጥናቶችን ደምሮ መፍረድ በአንድ ጥናት ከመፍረድ ይሻላል ይባላል። እኛ ግን አሠራሩ ሳይመረመር ይታመን አንልም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. 1,301 ሕሙማን የነበሩባቸው ሰባት ጥናቶች ተደምረው፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ለያዘው ሰው ማግኒዥየም በደም ሥር ቢሰጥ ሞትን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል ተባለ። በ1995 ዓ.ም. ግን 58,050 ሕሙማን የተካፈሉበት አይሲስ-4 የተባለው ጥናት ከሞት የሚያድን ጥቅም አላገኘበትም። መድኃኒቱ ዘግይቶ ስለ ተሰጠ ነው የሚሉ ነበሩ፤ በ2002 ዓ.ም. ለ6,213 ሕሙማን ቶሎ ተሰጥቶ ሲፈተንም ውጤቱ ያው ሆነ። ስሕተቱ ከሒሳቡ አይመስለንም፤ ጥቅም ያላሳዩ ትንንሽ ጥናቶች ብዙ ጊዜ ሳይታተሙ ስለሚቀሩ፣ ድምሩ የሚሰበስበው ደስ የሚያሰኘውን ነው። ስለዚህ ደማሪውን «ስንት ጥናት አገኘህ?» ብቻ ሳይሆን «ያልታተመውንስ የት ፈለግህ?» ብለን ልንጠይቀው ይገባናል።