ባለ ሁለት ፊደል መጽሐፍ

ባለፈው የንባብ ክበባችን ስብሰባ አንድ ወንድም የአብርሃም ፓይስን የአይንሽታይን የሕይወት ታሪክ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና፣ «ለመሆኑ ይህ መጽሐፍ ለማን ተጻፈ? ግማሹ ሒሳብ ነው» ሲል ጠየቀ። ሳቅ ሆነና ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። በበኩሌ ጥያቄው የመጽሐፉን ብርታትም ድክመትም የነካ ስለመሰለኝ በዚህ ገጽ ጥቂት ልበልበት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓይስ በ1918 አምስተርዳም ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ሆላንድን የያዙት ናዚዎች ከጁላይ 14 ቀን 1941 ወዲያ አይሁዳዊ የዶክትሬት ማዕረግ እንዳያገኝ ከለከሉ፤ እርሱ ማዕረጉን ከኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ የተቀበለው ከቀነ ገደቡ 5 ቀን ቀድሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ኑሮው ሰው ቤት ተደብቆ ሆነ። እዚያም ሆኖ ፊዚክሱን አልተወም፤ የታወቀው ሊቅ ክራመርስ እየመጣ ያወያየው ነበር። በማርች 1945 ጌስታፖ ያዘው። አብሮት የተያዘው ወዳጁ በጥይት ተገደለ፣ እርሱ ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ተለቀቀ። እኅቱ ግን ከሶቢቦር አልተመለሰችም።

በ1946 ኮፐንሃገን ኒልስ ቦር ዘንድ ሄደ፤ በዚያው ዓመት ወደ ፕሪንስተን ተሻገረ። በ1955 ከመሪ ጌል-ማን ጋር ሆኖ፣ ኬ-ሜሶን የሚባለው ቅንጣት ኤሌክትሪክ የሌለው ዓይነቱ በሁለት መልክ መታየት እንዳለበት፣ አንዱ ቶሎ ሌላው ዘግይቶ እንደሚፈርስ ተነበየ። የዘገየው በ1956 በሙከራ ተገኘ። ይህን የማነሣው ፓይስ በሙያው ሳይሳካለት ቀርቶ ወደ ታሪክ ጽሕፈት የዞረ ሰው አለመሆኑ እንዲታወቅ ነው።

«ጌታ ረቂቅ ነው» የተባለውን ይህን መጽሐፍ ያሳተመው በ1982፣ በ64 ዓመቱ ነው። አይንሽታይን በ1955 እስኪሞት ድረስ በአንድ ተቋም ውስጥ ነበሩ። መጽሐፉም የሚጀምረው ሁለቱ በእግር ሲሄዱ ነው፤ ሽማግሌው ድንገት ቆም ብሎ ጨረቃ ያለችው እኔ ሳያት ብቻ ነው ብለህ ታምናለህን ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። የኳንተም ክርክር ሁሉ በአንድ መንገድ ዳር ቁጭ አለ።

አሁን ማውጫውን ግለጡ። አንዳንዱ ርእስ ቀጥ ባለ ፊደል፣ አንዳንዱ ዘንበል ባለ ፊደል ታትሟል። ዘንበል ያሉት በአብዛኛው ስለ ሰውየው ኑሮ የሚናገሩ ናቸው፤ ሒሳቡ የከበደው አንባቢ እነርሱን ብቻ እየመረጠ ማንበብ ይችላል። እውነቱን ልናገርና እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። በሁለት ቀን ጨረስኩትና የጋዜጣ ወሬ የሰማሁ ያህል ሆነብኝ። ሰውየው ተወለደ፣ አገባ፣ ተፋታ፣ ተሰደደ። ምን እያሰበ እንደኖረ ግን ያለው በዘለልኩት ገጽ ነበር።

ስለዚህ ዘንበል ያለው ፊደል ለአንባቢ የተደረገ ቸርነት ቢመስልም፣ ጸሐፊው ራሱ ያላመነበት ቸርነት ነው እላለሁ። ምክንያቱም መጽሐፉ ከፍ የሚለው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የ1915ን ኖቬምበር ተመልከቱ። ሜርኩሪ በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ሞላላ መንገድ በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሴኮንድ ያህል ከኒውተን ስሌት ይዛነፍ ነበር፣ ምክንያቱንም ማንም አላወቀም። አይንሽታይን በአዲሱ ቲዎሪ ሲያሰላው ያው 43 መጣለት። በደስታም ልቡ እስኪመታ ድረስ ታወከ። ፓይስ ይህን የሰውየው የሳይንስ ሕይወት ትልቁ ስሜት አድርጎ ያየዋል። የልብ ትርታውን ከቁጥሩ ለይቶ በየትኛው ፊደል ማተም ይቻላል?

ይህን ስል ራሴንም አልምርም። በመምህራን ማሠልጠኛ ስሠራ የኒውተንን ሕግ ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ ስለ ኒውተን የምለው አንድ መስመር ነበር፤ ተወለደ፣ ሞተ።

ሌላው ጉድለት ቤቱ ነው። ለመጀመሪያ ሚስቱ ለሚሌቫ ማሪች የተሰጣት ቦታ ጠባብ ነው። በ1902 ሴት ልጅ መውለዷን አልነገረንም ብሎ ፓይስን መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም፤ ይህን ይፋ ያደረጉት ደብዳቤዎች በመጽሐፍ የታተሙት በ1987 ነው። በ1994 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ወደዚሁ ጉዳይ ተመልሷል፤ ያስመሰግነዋል። በ1991 የወጣው የቦር ታሪኩ ሰፊ ነው፣ ለእኔ ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነልኝም። የኦፐንሃይመሩን ሳይጨርስ በ2000 ኮፐንሃገን ሞተ፤ ሮበርት ክሪዝ አሟልቶት በ2006 ወጣ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። የአይንሽታይንን ስደት፣ ቦር በ1943 በባሕር ወደ ስዊድን ማምለጡን አስቀድሞ ጻፈ። የራሱን መደበቅ በሰፊው የተረከልን በ1997፣ በ79 ዓመቱ ነው። ከመካከላችን የራሳችንን ለመጻፍ የተቻኮልን ስንት ነን!

ለጠየቀው ወንድም፦ መጽሐፉ አሁን እኔ ዘንድ ነው። የሜርኩሪን ስሌት የቻልኩትን ያህል እሑድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ እሠራዋለሁ። ጠመኔ ያለው ይዞ ይምጣ።