የማድ ማክስ ማብሪያ፦ ፊልሙ ስለ ሱፐርቻርጀር ያልነገረን

ሹፌሩ ጥቁር መኪና ውስጥ ነው። ከፊቱ ቀጥ ያለና ባዶ የአውስትራሊያ አውራ ጎዳና ተዘርግቷል። እጁን ወደ ማርሽ ዘንጉ ሰደድ ያደርግና ማብሪያውን ይነካል። ከኮፈኑ በላይ ብቅ ብሎ የሚታየው የብረት ሣጥን ፊት ላይ ቆሞ የነበረው ሰፊ ቺንጋ መሽከርከር ይጀምራል። ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ ፍጥነት። በቃ።

የ«ማድ ማክስ» ፊልሞችን ያያችሁ ይህን ታስታውሳላችሁ። ያላያችሁም ብትሆኑ ሐሳቡን ታውቁታላችሁ፤ በብዙ የመኪና ጌሞች ውስጥ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ መኪናው የሚወነጨፈው በዚሁ ሐሳብ ነው።

የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በ1979 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር በትምህርቱ የሕክምና ዶክተር ነው፤ መኪናው ደግሞ ቪ8 ሞተር ያለው ፎርድ ፋልከን። ፊልሙ እንደ ፊልም ግሩም ነው። የመኪናው ድምፅ፣ የመንገዱ ባዶነት፣ ፍጥነት እንዴት እንደሚያስፈራ ማሳየቱ፣ ይህ ሁሉ ዛሬም አላረጀም። የእኔ ሂስ ያነጣጠረው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በማብሪያው። ማብሪያው ጉልበት ማለት ከላይ የሚጨመር ነገር ነው ብሎ ያስተምራል። እውነተኛው ሥራ ግን ሣጥኑ ከታሰረ በኋላ ያለው ማስተካከል ነው፤ ፊልሙ ቆርጦ የጣለውም እሱን ነው።

ለመሆኑ ሣጥኑ ምንድን ነው?

የመኪና ሞተርን እንደ አየር ፓምፕ አስቡት። ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው አየር ማግኘት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለማቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። እስቲ ወደምናውቀው ነገር እንቀይረው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 11 ኪሎ አየር ይበላል። በአዲስ አበባ አየር ይህ 12 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ አንዲት ትንሽ መኝታ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ሙሉ አየር ማለት ነው። አንድ ሊትር ለማቃጠል!

ተራ ሞተር ይህን ሁሉ አየር የሚያገኘው ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ በመሳብ ብቻ ነው። ሱፐርቻርጀር ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ታስሮ እየተሽከረከረ፣ ሞተሩ ራሱ ስቦ ከሚያገኘው በላይ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋ መሣሪያ ነው። ተርቦ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ እሱን የሚያሽከረክረው የጭስ ማውጫው ጋዝ መሆኑ ነው።

በማክስ መኪና ላይ የሚታየው ዓይነት «ሩትስ» ይባላል። ሩትስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡት በ1860 ነው፤ መኪና ገና አልተፈጠረም! መሣሪያው አየር ለመንፋት እንጂ ለውድድር የታሰበ አልነበረም። ስሙ ላይ ያለው 6-71 የሚለው ቁጥር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ጄኔራል ሞተርስ የሚሠራው ባለ ሁለት ምት ናፍጣ ሞተር 6 ሲሊንደሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱም 71 ኩብ ኢንች፣ ማለትም ወደ 1.16 ሊትር ነበር። ያ ሞተር ያለ ነፊ መተንፈስ አይችልም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወጣቶች ይህን ነፊ ከአሮጌ ሞተሮች እየፈቱ በቤንዚን መኪኖች ላይ ማሰር ጀመሩ። ማለትም በፊልሙ ውስጥ የምታዩት «የፍጥነት ምልክት» በትውልዱ የከባድ መኪና ዕቃ ነው።

ቆሞ የሚጠብቅ ነፊ

አሁን ወደ ማብሪያው። በፊልሙ መኪና ላይ ሣጥኑ የተቀመጠው በአየር መግቢያው መንገድ ላይ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሁሉ በሁለቱ ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል ማለፍ አለበት። ብረቶቹ ከቆሙ መንገዱ ይዘጋል። እንዲህ ከሆነ ማክስ ማብሪያውን ከመንካቱ በፊት መኪናው ቀስ ብሎ መሄድ ሳይሆን ጭራሹኑ መታፈን ነበረበት። አፍንጫውን ይዞ የሚሮጥ አትሌት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በእርግጥ ነፊው በፊልሙ መኪና ላይ አይሠራም ነበር። ለእይታ የተቀመጠ ነው፤ የሚሽከረከረውም ለካሜራ ነው። ይህን እንደ ነውር አልቆጥረውም፤ ሲኒማ በእንጨት ሰይፍም ይዋጋል።

ሐሳቡ ራሱስ የማይቻል ነው? አይደለም። በ1920ዎቹ የነበሩ የመርሴዲስ ስፖርት መኪኖች ሹፌሩ ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለል ሲረግጥ ብቻ የሚነሳ ሱፐርቻርጀር ነበራቸው። በ1980ዎቹ ደግሞ ቶዮታ 1.6 ሊትር በሆነ ሞተር ላይ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝና የሚለቀቅ ሱፐርቻርጀር ሠርቷል። ይህ ሞተር በአንዳንድ የኮሮላ ሞዴሎች ላይም ተገጥሟል፤ አዎ፣ በየመንገዳችን የምናየው ኮሮላ። ግን ልብ በሉ፤ የቶዮታ መሐንዲሶች ነፊው ሲቆም አየር በጎን የሚያልፍበት ሌላ መንገድና ቫልቭ አበጅተዋል፣ የሞተሩን የመጭመቂያ ምጣኔ ቀንሰዋል፣ መቼ እንደሚያያዝ የመወሰኑንም ሥራ ለኮምፒውተር ሰጥተዋል። በማብሪያው ምትክ የመጣው ይህ ሁሉ ሥራ ነው።

50 በመቶ ግፊት፣ 25 በመቶ አየር

ወጣቶች ስለ ሱፐርቻርጀር ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የምሰማው «ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምራል?» የሚለውን ነው። ሻጮችም ሲመልሱ የግፊት ቁጥር ይጠራሉ። እስቲ ቁጥሩን አብረን እንፈትሸው።

ሱፐርቻርጀሩ የአየሩን ግፊት በ50 በመቶ ከፍ አደረገ እንበል። 50 በመቶ ተጨማሪ አየር ገባ ማለት ነው? አይደለም። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ እጃችሁን እንደሚያሞቀው። ውጤታማነቱ 60 በመቶ የሆነ ነፊ 25 ዲግሪ የነበረውን አየር ወደ 85 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። የሞቀ አየር ደግሞ ስስ ነው። ስታሰሉት በእጃችሁ የሚቀረው ተጨማሪ አየር 25 በመቶ ብቻ ነው። ግማሹን ሙቀቱ በላው! አየሩን ወደ 45 ዲግሪ የሚያወርድ ማቀዝቀዣ፣ ኢንተርኩለር የሚባለውን፣ ከጨመራችሁ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል።

ነፊው በነፃም አይሠራም። ለአንድ 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ይህን ያህል ለመንፋት ወደ 7 ኪሎዋት ያስፈልጋል። ይህም በግምት 10 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የሚመጣውም ከዚያው ሞተር በቺንጋው በኩል ነው። መጀመሪያ ይወስዳል፣ ከዚያ ይሰጣል።

ይህችን ቁጥር፣ 7 ኪሎዋት፣ ያዙልኝ። «የኤሌክትሪክ ሱፐርቻርጀር» እየተባሉ በኢንተርኔት የሚሸጡ ትንንሽ የፕላስቲክ ማራገቢያዎች አሉ። ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኙት፣ ማብሪያ ግጠሙለት፣ ጉልበት ታገኛላችሁ ይሏችኋል። 7 ኪሎዋት ከ12 ቮልት ለማግኘት ወደ 600 አምፔር ያስፈልጋል። የተራ መኪና ጄኔሬተር ደግሞ 100 አምፔር አካባቢ ነው የሚሰጠው። እውነተኛ የኤሌክትሪክ ነፊ የለም ማለቴ አይደለም። አውዲ በ2016 ባወጣው ኤስኪው7 መኪና ላይ አንድ አለ፤ ኃይሉ 7 ኪሎዋት ነው፤ ለእሱ ሲባል ግን መኪናው ውስጥ ባለ 48 ቮልት ሥርዓት ተዘርግቷል። የፕላስቲኩ ማራገቢያ የማክስ ማብሪያ የልጅ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ገንዘብ ይቀበላል።

ማንም የማይቀርጸው ሥራ

እሺ፣ አየሩ ገባ እንበል። አሁን ሞተሩ አደጋ ላይ ነው። አየር ጨምሮ ቤንዚን ካልጨመረ ድብልቁ ይሳሳል፤ ቃጠሎው ይግላል። የሞቀና የተጨመቀ ድብልቅ ደግሞ ካንዴላው ከለኮሰው እሳት ቀድሞ፣ ከሲሊንደሩ ጥግ በራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ኖኪንግ የሚባለው ይህ ነው። ከውጭ ሲሰማ ብረት በመዶሻ ሲመታ ይመስላል፤ ውስጥ ደግሞ ፒስተኑን ይበሳል፣ ቢየላ ሊያጣምም ይችላል። ሙሉ ቤንዚን ተሰጥቶ ሲሆን ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

ማስተካከል ማለት እንግዲህ ይህን መከላከል ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ሠንጠረዥ አለ። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር፣ በሌላ በኩል በአየር መግቢያው ያለው ግፊት። 16 በ16 ከሆነ 256 ሳጥኖች አሉት። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ጥያቄ ይመለሳል፤ ስንት ቤንዚን ይረጭ? ካንዴላው መቼ እሳት ይስጥ? ልምድ ያለው ባለሙያ የሚጀምረው ከሚያስተማምነው ጫፍ ነው፤ ቤንዚኑን አብዝቶ፣ እሳቱን አዘግይቶ። ግፊት ሲበዛ ድብልቁን ከ14.7 አውርዶ ወደ 12 ለ1 አካባቢ ያደርገዋል፤ ትርፉ ቤንዚን ሲተን ያቀዘቅዛልና። ከዚያ በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር እያነበበ፣ የኖኪንግ ድምፅ እያዳመጠ፣ እሳቱን በአንድ በአንድ ዲግሪ ያስጠጋል። ጉልበት መጨመሩ ሲቆም እሱም ያቆማል። ቀጣዩ ሳጥን። ቀጣዩ ሳጥን።

አሰልቺ ነው? ለካሜራ አዎ። ግን ሞተሩ በሕይወት የሚቆየው እዚህ ነው። ኢንጄክተሮቹና የቤንዚን ፓምፑ የሚፈለገውን መጠን ማድረስ ካልቻሉ ደግሞ የትኛውም ሠንጠረዥ አያድንም።

እዚህ ላይ ሚለርን ማመስገን አለብኝ። በ2015 በወጣው «ፊውሪ ሮድ» ውስጥ ቤንዚን በአፉ ሞልቶ በሚሮጥ መኪና የሞተር አየር መሳቢያ ላይ የሚተፋ ገጸ ባሕርይ አለ። ብዙ ሰው እብደት ነው ብሎ ይስቃል። እኔ ግን ከማብሪያው ይልቅ ይህ ለሳይንሱ ይቀርባል እላለሁ። ቢያንስ አንድ ሰው አየር ብቻውን እንደማይበቃ አስታውሷል! መጠኑ አይለካም፣ ለሁሉም ሲሊንደር እኩል አይደርስም፤ ሐሳቡ ግን ትክክለኛው ጥያቄ ላይ ነው። ከ36 ዓመት በኋላ የነዳጁ ጉዳይ ወደ ታሪኩ ገባ።

አዲስ አበባ ላይ ሲሆን

ከላይ ያሰላናቸው የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 76 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል 100 ክፍል አየር የሚያገኝ ሞተር እዚህ 76 ያገኛል። በዚህ ላይ ቅድም ያሰላነውን ኢንተርኩለር የሌለው ሱፐርቻርጀር እንጨምር፤ 76 ሲደመር 25 በመቶ፣ 95 ይሆናል። አያችሁ? ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥታችሁ የምታገኙት አየር፣ ምንም ያልተጨመረበት መኪና ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ከሚያገኘው ያነሰ ነው። የአውሮፕላን ሞተሮችም ሱፐርቻርጀር መፈለጋቸው ከዚህ በኋላ አይገርምም።

አደጋው ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ሞተር ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ በዚያው ቺንጋና በዚያው ዙር ነፊው የበለጠ ይገፋል። አዲስ አበባ ላይ ትልቁ የመግቢያ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 1.14 እጥፍ ከነበረ፣ ታች ወደ 1.5 ይጠጋል። ሠንጠረዡ ውስጥ ማንም ያልፈተናቸው ሳጥኖች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፈቱት እዚያ ነው፤ በሙቀት፣ በጭነት፣ ምናልባት ቤተሰብ ተሳፍሮ። በእኛ አገር አንድ ሞተር የአንድ ቤት እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ፊልሙን እዩት፤ በድምፁም ተደሰቱ። ከዚያ አንድ ሰው «ገጠምኩት፣ ይኸው ጉልበቱ» የሚል ቪዲዮ ሲያሳያችሁ የፈረስ ጉልበቱን ቁጥር ለጊዜው ተዉትና እነዚህን ጠይቁት። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ስንት ዲግሪ ነው? ሙሉ ቤንዚን ሲሰጥ ድብልቁ ስንት ለአንድ ነው? ኖኪንግን በምን አዳመጥከው? የተስተካከለው በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? አራቱንም የሚመልስ ሰው ካገኛችሁ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ተማሩ። «ማብሪያው ይኸው» ብቻ ካላችሁ ግን መኪናው ውስጥ አትግቡ።