ዝም ማለት የሚያውቅ ስክሪን

እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል በተጓጓዙበት በዘመቻ ሰለሞን ወንበሮቹ የተነቀሉለት የኤል አል ጃምቦ ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ያንን ጉዞ የሚያስታውስ ሰው በእስራኤሏ ሀደራ ምዕራብ ውስጥ አይጠፋም፤ የአብራሪዎቹን ክፍል ግን ማን ልብ ብሎ አየው? የዚያ ዘመኑ 747 ግድግዳው ሁሉ ባለ መርፌ ጌጅ ስለነበር፣ ከሁለቱ አብራሪዎች ሌላ ጌጅ የሚከታተል የበረራ መሐንዲስ ነበረው። ቦይንግ 747-400ን ሲሠራ ከ971 መብራት፣ ጌጅና ማብሪያ ማጥፊያ 365 ብቻ አስቀረ። መሐንዲሱም ቀረ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ደግሞ አምስት ትልልቅ ስክሪኖች አሉት። አብራሪው ፊት ለፊት ያለውን ልብ በሉት። መሃሉ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ምድሩ ቡናማ ነው። ፍጥነት በግራ፣ ከፍታ በቀኝ፣ አቅጣጫ ከታች፤ ዓይን በመርፌ ዘመን የለመደው አቀማመጥ አልተነካም። የከፍታው ቁጥር እንኳ እንደ ድሮው እየተንከባለለ ይለወጣል፤ መውጣት ይሁን መውረድ ሳይነበብ ይታወቃል። ከፍጥነቱ ጎን አንዲት ቀጭን ቀስት አለች፤ ጫፏ የሚያርፈው አውሮፕላኑ ከ10 ሰከንድ በኋላ በሚደርስበት ፍጥነት ላይ ነው። ለእኔ የሥራው ቁንጮ እሷ ናት።

ቀለም በቁጠባ ነው። አሁን ያለው በነጭ፣ የታዘዘው በደማቅ ሮዝ ይጻፋል። ቢጫ ተጠንቀቅ ይላል፤ ቀይ ጊዜ አይሰጥም። ነጠላን ጥበቡ የሚያደምቀው ነጩ ሰፊ ስለሆነ ነው፤ ሸማኔ አያቶቻችን ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር።

ልኬቱ ሲቋረጥበትም ስክሪኑ አይገምትም፤ ቁጥሩን አጥፍቶ በቦታው ቢጫ ምልክት ያደርጋል። መለኪያው ሳይታወቅበት ሲዋሽ ግን ስክሪኑም አብሮ ይዋሻል። በመጋቢት 2019 በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት መለኪያዎች የግራው የተሳሳተ ልኬት እየላከ ነበር፤ ሁለቱ መለኪያዎች እንዳልተስማሙ የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በአብዛኞቹ ማክሶች ላይ አይሠራም ነበር። ያ ዝምታ ጥበብ አይባልም፤ ጉድለት ነው።

ከቤን ጉሪዮን ወደ አዲስ አበባ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከበረራችሁ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ መንገደኛው ሲወርድ የአብራሪዎቹን ክፍል ለማየት አስተናጋጆቹን በትሕትና ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁ ከአብራሪው ፊት ያለውን ስክሪን የግራ ጠርዝ ቀድማችሁ እዩ።