ትሕትናው የሚያስፈራ ሰው

«የደቡቡ ሰው» እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን በአልፍሬድ ሂችኮክ ተከታታይ ዝግጅት ውስጥ የታየ፥ ከሮአልድ ዳል አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ድራማ ነው። ካርሎስ የተባለው ሽማግሌ (ፒተር ሎሪ) ለአንድ ወጣት ቁማርተኛ (ስቲቭ ማክዊን) ውርርድ ያቀርባል። የወጣቱ የሲጋራ መለኰሻ ዐሥር ጊዜ በተከታታይ ከበራ የሽማግሌውን አውቶሞቢል ይወስዳል፤ አንድ ጊዜ ቢከሽፍ ግን ትንሽ ጣቱ ይቈረጣል።

ሎሪ በ1931 በፍሪትዝ ላንግ ፊልም የሕፃናት ገዳይ ሆኖ ስለ ተጫወተ፥ ያንን ያየ ተመልካች አስቀድሞ ይጠረጥረዋል። እርሱ ግን አይጮኽም፥ አይዝትም። ሚስማር፥ መዶሻ፥ ሲባጎና ቢላዋ ያስመጣል፤ የወጣቱ እጅ የሚታሰርበትንም ጠረጴዛ እንደ ደኅና አናጢ ተጠንቅቆ ያሰናዳል። እኛን ያስደነገጠን ከቢላዋው ይልቅ ይህ ጥንቃቄ ነው። ወጣቱም የተቀመጠው ተገዶ ስላይደለ፥ ተመልካቹ የሚያዝንለትን ያህል ይታዘበዋል።

በመጨረሻ የካርሎስ ሚስት ደርሳ ነገሩን ታቋርጣለች። ለባሏ አንዳች ንብረት እንዳልቀረው፥ ሁሉንም እርስዋ አሸንፋ እንደ ወሰደችበት ትናገርና ጣቶቹ የጐደሉ እጇን ትዘረጋለች። ይህን ተራ ማስደንገጫ የሚለው ቢኖር አንስማማም። ለካ ወጣቱ ጣቱን ያስያዘው ምንም ከሌለው ሰው ጋር ነበር!